የግራ ክንፉ መልቀቂያ

በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ክፋት አንድ የጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ የተሠራ ነው። ሰው አልመታሁም፣ የሰው ንብረት አልነካሁም፣ በሐሰት አልመሰከርኩም። አንድ ደብዳቤ አቆየሁ፤ በቃ። እንዲህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። እኔም ለራሴ ለዓመታት የነገርኩት እንዲሁ አድርጌ ነው።

ንፋስ ስልክ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ ፋብሪካ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ገቢ ደብዳቤ መቀበል፣ ወጪ ደብዳቤ ላይ ቁጥርና ቀን መጻፍ፣ ማኅተም መምታት ነው። ሥራ አስኪያጁ ይፈርማል፤ ፊርማው ግን ያለ እኔ ቁጥርና ማኅተም ከግቢው በር አያልፍም። ይህን ነገር ከሚገባው በላይ እወደው ነበር። የደብተራ ልጅ ነኝ፤ ዘመን አቆጣጠሩን ከአባቴ ተምሬያለሁ፣ ወይም የተማርኩ ይመስለኝ ነበር። ጾሙ መቼ ይገባል፣ ፋሲካ በስንት ይውላል የሚል ክርክር ሲነሣ ቢሮው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። ግድግዳው ላይ ካላንደር ተሰቅሎ ሳለ እኔን ይጠይቁኛል፤ እኔም ካላንደሩን ሳላይ እመልሳለሁ።

ፋብሪካው የእግር ኳስ ቡድን ነበረው። ተጫዋቾቹ ለወጉ የፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። ደመወዝ መክፈያው ላይ አንዱ የመጋዘን፣ ሌላው የጥበቃ፣ ሌላው የተላላኪ ተብሎ ይጻፋል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ልምምድ ይወጣሉ። ከሁሉም የምንወደው ግራ ክንፉን ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ቅልጥመ ረጅም፣ ሲሮጥ አንድ ትከሻው የሚያጋድል። ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ የጴንጤ ልጅ ነው። ጎል ሲያገባ ተንበርክኮ ይጸልያል፤ የባላጋራ ደጋፊ ያንጓጥጠዋል፤ እሱ ጉልበቱ ላይ ያለውን አፈር አራግፎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ላፍቶ፣ ያኔ ገና እርሻ በነበረው ላፍቶ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። በአሥር ዓመት ስለምበልጠው ጋሼ ይለኛል።

አሁን ስለ ጨዋታው ልናገር፤ ያለሱ የቀረው አይገባም። ጨዋታውን የፈጠረው የመጋዘን ኃላፊያችን ነው፤ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ ቀልደኛ፣ በኳስ ጉዳይ ግን እንደ ዳኛ የሚኮሳተር ሽማግሌ። ሰባት ነበርን። እያንዳንዳችን ከከተማው ክለቦች ሁሉ አሥራ አንድ ተጫዋች መርጠን በእሱ ደብተር ላይ አንድ አንድ ገጽ እንይዛለን፤ ያ ገጽ ቡድናችን ነው። እሁድ ስታዲየም የገባው ይገባል፣ ያልገባው ሬዲዮ ይሰማል። ሰኞ በምሳ ሰዓት ሽማግሌው መነጽሩን ሰክቶ ነጥብ ይደምራል። ጎል ላገባ ሦስት፣ ላቀበለ ሁለት፣ ጎል ላልገባበት በረኛ ሁለት። ሽልማት የለውም። አንደኛ የወጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ «አሠልጣኝ» እየተባለ ይጠራል፤ ሻይ ክበብ ሲገባ ወንበር ይለቀቅለታል። በአራት ዓመት ውስጥ እኔ አንድም ጊዜ አሠልጣኝ ተብዬ አላውቅም። ሁሉን አዋቂ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ውርደት አልነበረም።

ችግር የሚመጣው ክረምት ላይ ነው። ያኔ አንድ ተጫዋች ከክለቡ መልቀቂያ ደብዳቤ ካልያዘ ሌላው ክለብ አያስመዘግበውም። ክረምት ሲገባ ጊዜው ያለቀ፣ ከአሠልጣኙ ጋር የተጣላ፣ የተሻለ ያገኘ፣ ሁሉም መልቀቂያ መጠየቅ ይጀምራል። ሽማግሌው ለዚህ ሕግ አወጣልን። ከአሮጌው ገጽህ ሦስት ተጫዋች ይዘህ ወደ አዲሱ ዓመት ትሻገራለህ። ደብተሩ ነሐሴ ሠላሳ፣ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ መልቀቂያ የወጣለት ተጫዋች «ልቅ» ነው፤ ከገጽህ ይፋቅና ለሰባታችንም ዕጣ ይጣልበታል። ደብተሩ ከተዘጋ በኋላ ግን ሰማይ ቢደፋ ያንተ ነው። የትም ክለብ ይሂድ፣ የትም ያግባ፣ ነጥቡ ላንተ ይጻፋል።

ስለዚህ ነሐሴ የማሽተት ወር ነበር። ማን ሊለቅ ነው? ማን ሊቀር ነው? ኤሌክትሪሻናችን አንድ አጥቂ ከአሠልጣኙ ጋር ሻይ ቤት ሲጨቃጨቅ አየሁት ብሎ፣ ልቅ ሆኖ ከሚበላብኝ ብሎ፣ በሁለት ተከላካይ ለወጠው፤ አጥቂው ግን ጭቅጭቁ የወንድማማች ነበርና ቀረ፣ ዓመቱን ሙሉም ለሌላ ሰው ገጽ አገባ። ሌላው ሰውዬ አንድ በረኛ ሊያገባ ሽማግሌ መላኩን ሰምቶ «ባለ ትዳር ክለብ አይቀይርም» ብሎ ያዘው። እንዲህ ነበርን። የሰውን ትዳር፣ የሰውን ጠብ፣ የሰውን የቤት ኪራይ ሳይቀር እናሸት ነበር፤ ያ ሰው ሲለቅ ወዴት እንደሚደርስ ግን አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ፋብሪካው ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ነበር። ገዢው ማን እንደሆነ አይታወቅ፤ ቡድኑን ግን እንደማይፈልገው ሁሉም ያውቃል። አንድ ትልቅ ክለብ ግራ ክንፉን ፈለገው። ክለቡ ብቻ ሳይሆን ክለቡን የያዘው መሥሪያ ቤትም ቋሚ ሥራ ሰጥቶታል፤ ኳሱ ሲቀር ሥራው የማይቀር። ግራ ክንፉ ማመልከቻውን ያስገባው በእኔ እጅ ነው። ሥራ አስኪያጁ መልቀቂያውን ሰኞ፣ ነሐሴ ሃያ ሰባት ፈረመና ወደ እኔ ላከው። መፈረሙን ከሥራ አስኪያጁና ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም።

ደብዳቤውን አነበብኩት። ወዲያው በልቤ ያየሁት የሽማግሌውን ደብተር ነው፤ ይህን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። ግራ ክንፉ ከሦስቱ የምሻገርባቸው ተጫዋቾቼ አንደኛው ነበር። ደብዳቤው ዛሬ ከወጣ ልቅ ነው፤ ዕጣ ይጣልበታል፣ ከሰባት አንዱ ይወስደዋል። ደብዳቤው ከነሐሴ ሠላሳ በኋላ ከወጣ ግን የእኔ እንደሆነ ይሻገራል፤ ከዚያም በትልቁ ክለብ ከእነዚያ ሁሉ አጥቂዎች ጋር እየተጫወተ ዓመቱን ሙሉ ለእኔ ነጥብ ይለቅማል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አልኩ በልቤ። የእኔ ሹመት ማኅተም ናት። ደብዳቤውን መሳቢያው ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩ።

ማግስቱን ግራ ክንፉ መጣ። መስኮቴ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሥራ አስኪያጁ ፈርሜያለሁ አሉኝ እኮ» አለኝ።

«ተፈርሟል፤ ንብረት ክፍል ማጣራት ይቀረዋል» አልኩት። ውሸት ነው። ንብረት ክፍል ያጣራው ከሳምንት በፊት ነበር። «የዛሬ ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት ና።»

ለምን ማክሰኞ? ደብተሩ ሐሙስ ይዘጋል፤ ዓርብ ልሰጠው እችል ነበር። ነገር ግን ደብዳቤው በማግስቱ ቢወጣ ሽማግሌው ያሸታል ብዬ ፈራሁ። ትንሽ ቀን ቢያልፍበት ነገሩ ተፈጥሯዊ ይመስላል አልኩ። ብልጥ ነበርኩ፤ ከብልጥነትም አልፌ።

ግራ ክንፉ ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ምዝገባው የሚዘጋው እኮ በዓመቱ መጨረሻ ቀን ነው። ማክሰኞ አይረፍድብኝም? ይቺ ደብዳቤ ካለፈችኝ አለቀልኝ።»

እዚህ ላይ ነው አዋቂነቴ የመጣው። ጣቴን ዘርግቼ ቆጠርኩለት። «ዓርብ ጳጉሜ አንድ፣ ቅዳሜ ሁለት፣ እሁድ ሦስት፣ ሰኞ አራት፣ ማክሰኞ አምስት፣ ረቡዕ ስድስት። ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ናት። ረቡዕ ሙሉ ቀን አለህ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የማንን ልጅ ነው የምትጠይቀው?» አልኩት።

ሳቀ። «እሺ፤ እናንተ ናችሁ ይህን የምታውቁት። እኛ ወንጌላውያኑን እናነባቸዋለን እንጂ ዓመት አናስቆጥራቸውም» አለ። ከዚያ ማክሰኞ ከሆነማ ብሎ፣ አዲስ ሥራ ከገባ በኋላ ፈቃድ ስለማያገኝ፣ ሆሳዕና ሄዶ እናቱን አይቶ እንደሚመለስ ነገረኝ። መልካም መንገድ አልኩት። ካላንደሩ ከራሴ በላይ ተሰቅሏል። ቀና አላልኩም።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ሽማግሌው ደብተሩን ዘጋ። ገጼ ላይ የግራ ክንፉ ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ አየሁትና ደስ አለኝ። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንደመጣው ጥፋት ሁሉ እውነተኛ።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምንሠራው። ልንወጣ ስንል ሽማግሌው መጋዘኑን እየቆለፈ፣ «ማክሰኞ ዕቃ የሚፈልግ በጠዋት ይምጣ፤ ዋዜማ ስለሆነ ስድስት ሰዓት ላይ እዘጋለሁ» አለ።

«ዋዜማው ረቡዕ ነው» አልኩት።

«ረቡዕማ እንቁጣጣሽ ነው።»

«ዘንድሮ እኮ ዮሐንስ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ናት።»

ሽማግሌው ሳቀብኝ። «አይ የደብተራ ልጅ! ስድስተኛዋን አምና በልተናታል። ስድስት የምትሆነው ሉቃስ ሲወጣ ነው፤ ዮሐንስን የምትቀበለው እሷ ናት። አባትህ ይህን ሳይነግርህ ነው የሞተው?» እጄን ይዞ ወደ ካላንደሩ ወሰደኝ። ጳጉሜ ከታች በኩል ጥግ ላይ በትንሹ ታትማለች፤ አምስት ቁጥር፣ ከዚያ ባዶ።

ነግሮኛል። አባቴ ነግሮኛል። «ስድስተኛዋ ሉቃስን ሸኝታ ዮሐንስን ትቀበላለች» ይል ነበር፤ እኔ ግን ሸኚዋን ረስቼ ተቀባዩን ብቻ ይዤ ቀረሁ። አዲስ ዓመትንም ሰዉ ሁሉ ዮሐንስ እያለ ስለሚጠራው፣ ዮሐንስና ስድስት ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ላይ ታስረው ኖረዋል። ባለፈው ዓመት ስድስተኛዋን ቀን ራሴ ሥራ ገብቼ ውያለሁ። እሷንም አላስታወስኩም።

ሰዉ ከወጣ በኋላ ቢሮ ተመለስኩ። መሳቢያውን ከፍቼ ደብዳቤው ላይ ቁጥር ጻፍኩ፤ ቀን ጻፍኩ፣ ጳጉሜ ሁለት፤ ማኅተም መታሁ። ስቸኩል ማኅተሙ ትንሽ ተንጋደደ። ኪሴ ከትቼ ወደ ላፍቶ ተነሣሁ። ምናልባት አልሄደ ይሆናል፣ ምናልባት ሚስቱ ታማ ቀርቶ ይሆናል እያልኩ ለሰው መታመም እየተመኘሁ ነው የሄድኩት። ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ ነበር። ወንዙን በድንጋይ ላይ ዘልዬ፣ በጤፍ ማሳ መሃል ባለች የእግር መንገድ፣ ጭቃው ጫማዬን እየያዘብኝ ቤቱ ደረስኩ።

ሚስቱ በር ላይ ወጣች። ማን መሆኔን ስነግራት ፊቷ በራ። «ይግቡ፣ በዝናብ! ስለ እርስዎ ነግሮኛል። ሐሙስ ነው የሄደው፤ ማክሰኞ ይመጣል።»

«ቀደም ብሎ ሊመጣ ይችላል?»

«ማክሰኞ ከሰዓት ብለውታል አይደል? ለዚያ ብሎ ነው ቀኑን የቆረጠው» አለች። ከዚያ፣ እንደ ፈራች ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ነገሩ ደህና ነው? ቋሚ ሥራ ነው አሉን እኮ። የቤቱን ኪራይ ለባለቤቱ በእሱ ነው ቃል የገባነው» አለች።

«ደህና ነው» አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? እናቱ ያሉበት ቀበሌ ስልክ የለም። ውሃ አምጥታ ጫማዬን ልታጥብልኝ ፈለገች፤ እምቢ ብዬ ተመለስኩ።

እሁድ ሩፋኤል ነበር። ዝናቡ ሲወርድ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የሩፋኤል ጠበል ነው ብለው ራቁታቸውን ወጥተው ሲጨፍሩ፣ እኔ ብስራተ ገብርኤል በነበረችው ቤቴ መስኮት ሥር ተቀምጬ ሰዓት እቆጥር ነበር። ሰኞ ደብዳቤውን ይዤ ራሴ ምዝገባ ቢሮ ሄድኩ። ተጫዋቹ ራሱ ቀርቦ ካልፈረመ አይሆንም አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር። የትልቁ ክለብ ሰው እዚያው ነበርና ለመንኩት። «እስከ ነገ ስድስት ሰዓት እጠብቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቦታውን ባዶ አልተወውም፤ ሌላ ግራ ክንፍ አለኝ» አለኝ።

ማክሰኞ ከማለዳ ጀምሮ አውቶቡስ ተራ ቆምኩ። ሰዉ ለበዓል በግ ይጎትታል፣ ዶሮ ቁልቁል ተሸክሟል፣ እርጥብ ሣር መሬቱን ሞልቶታል። የሚገባውን አውቶቡስ ሁሉ እየሮጥኩ ከየት ነህ እላለሁ። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰዓቴን መመልከት ተውኩ። የሆሳዕናው አውቶቡስ የገባው ከስድስት ተኩል በኋላ ነው። ግራ ክንፉ ከበሩ ሲወርድ አየኝና ሳቀ፤ ሊቀበለኝ መጣ ብሎ። በእጁ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዞ ነበር። «እናቴ ላንተ ነው ያለችው» አለኝ።

«ተሳስቻለሁ» አልኩት። «ጳጉሜ አምስት ናት። ዛሬ ነው የሚዘጋው።»

መሮጥ ጀመረ። ሩጫውን ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ እንዳየሁት፤ በዚያ ቀን ግን የምሮጠው ከኋላው እኔ ነበርኩ። ታክሲ ይዘን ስታዲየም አካባቢ ደረስን። የቢሮው በር ተቆልፏል። ዘበኛው «ሁሉም ሄደዋል፤ እንኳን አደረሳችሁ» አለን። የክለቡ ሰው የለም። ሌላውን ግራ ክንፍ አስመዝግቦ እንደሄደ በኋላ ሰማን።

ግራ ክንፉ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ቅቤው ጉልበቱ ላይ ነው። ስድብ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ብዬም ተመኘሁ። በመጨረሻ፣ «ሰው ይሳሳታል ጋሼ» አለኝ። «በዚያ ዝናብ ላፍቶ ድረስ ሄደሃል፤ እንዴት እንደ ለፋህልኝ አውቃለሁ።» ይህን ያለው ላፍቶ መሄዴን በታክሲ ውስጥ ስለ ነገርኩት ነው። ነግሬዋለሁ። ንብረት ክፍል ስላለው ውሸት ግን አልነገርኩትም፤ ስለ ደብተሩም አልነገርኩትም። የቀን ስሕተቴ ለክፋቴ ጃንጥላ ሆነልኝ፤ ከሥሩ ቆሜ ምስጋና ተቀበልኩ። ቅቤውንም ወሰድኩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ፋብሪካው ውስጥ ሥራው አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከበዓል በኋላ ሥራ ሲገባ የአስተዳደር ኃላፊው ጠራው። መልቀቂያህ ወጥቷል፣ ከጳጉሜ ሁለት ጀምሮ ሠራተኛችን አይደለህም አለው። ግራ ክንፉ የትም አልተመዘገብኩም፣ ደብዳቤውን ልመልሰው አለ። ኃላፊው እኔን አስጠራና መዝገቡን አስከፈተኝ። ቁጥሩ በእኔ እጅ ጽሑፍ ተመዝግቧል። «ቁጥር ከወጣ ወጣ ነው፤ አንተው ነህ ሁልጊዜ እንዲህ የምትለን» አለኝ። እላለሁ፤ ስንቱን ሰው ከመስኮቴ የመለስኩበት ቃል ነው። በጥቅምት ቡድኑ ሲፈርስ ለሌሎቹ ተጫዋቾች የስንብት ክፍያ ተሰጣቸው፤ ሦስቱ መጋዘን ውስጥ ቀሩ። እሱ ስሙ መክፈያው ላይ ስላልነበረ አንዱም አልደረሰውም። የዚያች ማኅተም ነገር አሁንም ያንገበግበኛል፤ ቅዳሜ ባልቸኩል፣ ደብዳቤውን ሳላትም ላፍቶ ብሄድ፣ ቢያንስ እንጀራው አይቆረጥም ነበር።

በደብተሩ ላይ ግን ገጼ ላይ ነበር። ደብተሩ ተዘግቷል፤ አይፋቅም፣ አይተካም። ሰኞ ሰኞ ሽማግሌው ስሞቹን በተራ ያነባል፤ እሱ ጋ ሲደርስ «ባዶ» ይላል። በየሳምንቱ። አንድ ሰኞ ሌሎቹ ሲሄዱ ወደ ኋላ ቀረና፣ «ያ ልጅ ደብዳቤውን አሳይቶኝ ነበር» አለኝ። «ሥራ አስኪያጁ የፈረመው ነሐሴ ሃያ ሰባት ነው። አንተ ያተምከው ጳጉሜ ሁለት ነው።»

ዓይኔን ከደብተሩ ላይ አላነሣሁም።

«ለልጁ አልነገርኩትም። ሆድ ይፍጀው ብያለሁ» አለ። ደብተሩን ብብቱ ሥር ከትቶ ወጣ። ዓመቱ ሲያልቅ ጡረታ ወጣ፤ ጨዋታው ከዚያ በኋላ አልተደገመም።

ግራ ክንፉ አንድ ዓመት ያለ ክለብ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ክረምት ሦስት ቦታ ሞከረ አሉ፤ ዓመት ሙሉ ሜዳ ያልረገጠ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ተጫዋች ማን ይፈልጋል? ወሬውን የምሰማው ከሰው ነው፤ ራሴ አልጠየቅኩም። ላፍቶን ለመሸሽ ብዬ ዙሪያ የምሄድበት ጊዜ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ባለቤቴ ወልዳ ስለነበረች ወፍጮ ቤት መሄድ የእኔ ሥራ ሆነ። የእኛ ሰፈር ወፍጮ ተበላሽቶ ሰዎች ላፍቶ ያለው ይሠራል አሉኝ። ጤፌን ተሸክሜ ገባሁ። ሞተሩ ጆሮ ያደነቁራል፤ ሴቶች ጆንያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ወፍጮው አፍ ላይ ቆሞ እህል የሚጨምረው እሱ ነበር። ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። አየኝና ወዲያው ወረደ፤ ጆንያዬን ከትከሻዬ አውርዶ ከሰልፉ ፊት ወሰደው። ሴቶቹ ሲጮኹበት ጮኾ መለሰላቸው፦ «ተዉት! ይሄ ሰውዬ ለኔ ብሎ በዝናብ የሮጠ ነው!»

ጤፌን ወፍጮው አፍ ላይ ገልብጦ መፍጨት ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ያልቻልኩት። ሦስት ዓመት የተሸከምኩትን ምስጋና በሰው ፊት እንደገና ጫነብኝ። ወደ ጆሮው ቀርቤ፣ «አውቄ ነው ያቆየሁት» አልኩት። አልሰማኝም። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን?» አለኝ። ጮክ አልኩ። አሁንም አልሰማም። ሦስተኛ ጊዜ፣ ጤፌ ተፈጭቶ ሲያልቅ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ፤ በመሃሉ መብራት ጠፋና ሞተሩ ቆመ። ቃሌ በጸጥታው ውስጥ ብቻውን ወጣ፦ «ደብዳቤህን አውቄ ነው የደበቅሁት!»

ሴቶቹ ወደ እኛ ዞሩ። ግራ ክንፉ እጁን ከጆሮው ላይ ቀስ ብሎ አወረደ።

«ስሕተት ነው አላልከኝም?»

«ቀኑ ስሕተት ነው። ማቆየቱ ግን ስሕተት አይደለም። ደብዳቤው ሰኞ ነው እጄ የገባው። ንብረት ክፍል ያልኩህ ውሸት ነው።»

«ለምን?»

«ለደብተሩ። ሽማግሌው ለሚይዘው ጨዋታ። ከነሐሴ ሠላሳ በፊት ብትለቅ ከገጼ ትፋቅ ነበር።»

ጨዋታውን ያውቀዋል፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ ያውቁት ነበር፣ ይስቁበትም ነበር። አሁን አልሳቀም። አላለቀሰምም፣ አልመታኝምም። ጎንበስ ብሎ የወጣውን ዱቄቴን በሁለት እጁ እየሰበሰበ ወደ ጆንያው ጨመረ፣ አፉን በገመድ ጠበቅ አድርጎ አሰረው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ስንተኛ ወጣህ?» አለኝ።

«አራተኛ።»

«ከስንት?»

«ከሰባት» አልኩት።

መብራት ሲመጣ ጆንያዬን ወደ በሩ አውጥቶ አስቀመጠልኝና ተራ የደረሳትን ሴት ጠራ።